የሰባተኛው ቀን በግ ተዘጋጅቷል፤ ሰባተኛው ወርስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



መስጂድ የምናገለግል ሰዎች ከወጣት አባቶች በብዛት የሚቀርብልን ጥያቄ የታወቀ ነው። «ዐቂቃው በስንተኛው ቀን ይታረዳል? ለወንድ ስንት በግ ነው፣ ለሴትስ? ፀጉሩ መቼ ይላጫል? ጥሩ ስም ምረጡልን።» ማሻአላህ! ሱንናን ፈልጎ መምጣት የሚያስመሰግን ነው፤ እኛም ደስ ብሎን እንመልሳለን።

ነገር ግን ከወሊዱ ሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ መጥቶ «ባለቤቴ ሰባት ወሯ ነው፤ እስክትወልድ ድረስ ከኔ የሚጠበቀው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወንድም እጅግ ጥቂት ነው። ለሰባተኛው ቀን በግ አስቀድሞ ይታሰባል። ለሰባተኛው ወር ግን በብዙ ቤት ምንም አይታሰብም።

የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ነፍሰ ጡር ሚስትን መንከባከብ፣ ሰውነቷ ለወሊድ እንዲጠነክር ማገዝ እና ለምጡ ቀን አስቀድሞ መዘጋጀት «የሴቶች ጉዳይ» አይደለም። በባል ላይ ያለ አማና ነው። ባል ብቻውን ሲያቅተው ደግሞ የጀመዓው ኃላፊነት ነው። ዐቂቃ የተወደደ ሱንና ነው። ነፍስንና ዘርን መጠበቅ ግን ሸሪዓችን ከቆመባቸው አምስት ታላላቅ ዓላማዎች ውስጥ ሁለቱ ናቸው። ሱንናውን ይዞ ዋጂቡን መጣል ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

ዲናችን ስለ ነፍሰ ጡር ምን ይላል?

ቁርኣን የእርግዝናን ድካም አሳንሶ አያየውም። በሱረቱ ሉቅማን አላህ (ሱ.ወ) ለወላጆች በጎ እንድንሆን ሲያዘን ከምክንያቱ አንዱ አድርጎ ያነሳው እናት በድካም ላይ ድካም እየተደራረበባት ልጇን መሸከሟን ነው። ይህ ድካም ጌታችን የመሰከረው ነው። ስለዚህ «ሴት ሁሉ ታረግዛለች፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚለው አባባል ከሙእሚን አፍ የሚወጣ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው በሱረቱ ጦላቅ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ የመጣው ትእዛዝ ነው። የተፈታች ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ቀለብ እንዲሰጣት አላህ ባልየውን አዟል። እስቲ እናስተውል! ትዳሩ ፈርሶ፣ ፍቅሩ አልቆ፣ ቤቱ ተለያይቶ እንኳን የእርግዝናዋ ሐቅ አይወድቅም። ለተፈታችው ይህ ከታዘዘ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብራ ላለችው፣ ቡናውን አፍልታ ለምታቀርበው ምን ያህል ይገባታል?

እዚህ ላይ አንድ የፊቅህ ነጥብ እናንሳ። ከቀደሙት ፉቀሃእ ብዙዎቹ የሐኪም ወጪን ከሚስት ነፈቃ ውስጥ አልቆጠሩትም ነበር። በእነሱ ዘመን ሕክምና እንደ ምግብና ልብስ የየዕለት ፍላጎት አልነበረምና። በዘመናችን ካሉ ዑለሞች ግን ብዙዎቹ፣ ከእነሱም ሶሪያዊው ሸይኽ ወህባ አዝ-ዙሐይሊ፣ ዛሬ ሕክምና መሠረታዊ ፍላጎት ስለሆነ ወጪው በባል ላይ ነው ይላሉ። እኛም ይህን እንደግፋለን። ለምግቧ ተጠያቂ የሆነ ሰው ሕይወቷን ለሚያተርፈው ሕክምና አልጠየቅም ሊል አይችልም።

የመርየምንም (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። ምጥ ወደ ዘንባባው ግንድ ባስጠጋት ጊዜ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት እያለባት፣ ግንዱን እንድትወዘውዝ፣ ከሚረግፈው ተምር እንድትበላ፣ እንድትጠጣና እንድትረጋጋ ተነገራት። አላህ ሳትነቃነቅ ተምሩን አፏ ውስጥ ማድረግ ይችል ነበር። ግን እንቅስቃሴ፣ ምግብ፣ ውሃና የልብ መረጋጋት አንድ ላይ መጡ። ዑለሞቻችን ከዚህ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ይማራሉ። የዛሬ አዋላጅ ነርስም ለነፍሰ ጡር የምትመክረው ከእነዚህ አራት ነገሮች አይርቅም።

ሸክም የበዛባት እና መቀመጥ የበዛባት

የጌዴኦን ምድር የሚያውቅ ሰው ተዳፋቱን ያውቃል። እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ተደራርበው የሚበቅሉበት ይህ መሬት በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውበቱ ሁላችንንም ያኮራል። ግን በዚያ ተዳፋት ላይ ውሃ፣ እንጨትና እሸት ቡና የሚወጣውና የሚወርደው በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ነው። ለዚህች እህት «ስፖርት ሥሪ» ብንላት ትስቅብናለች። እሷ የሚያስፈልጋት ሸክሙ እንዲቀልላት ነው። በተለይ ከስድስተኛው ወር በኋላ ከባድ ጀሪካን፣ የእንጨት እስር እና የቡና ከረጢት ከጀርባዋ ሊወርድ ይገባል። እንሰት ፍቆ ቆጮ ማዘጋጀትም ወገብን የሚፈትን ሥራ ነው፤ ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዘው።

በሌላ በኩል በዲላ ከተማ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቀመጥ፣ ወይም እንዳረገዘች «አትነሺ፣ አትንቀሳቀሺ» ተብላ አልጋ ላይ የምትውል እህት አለች። ይቺኛዋ ደግሞ መንቀሳቀስ ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ያልከለከላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ጂም አያስፈልገውም፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። ልኩም ቀላል ነው፤ እየሄደች ማውራት ከቻለች ጥሩ ነው፣ ትንፋሽ አጥሯት ማውራት ካቃታት ትቀንስ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ባልና ሚስት ወጣ ብለው ቢራመዱ ምን ነውር አለው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ እንደተሽቀዳደሙ በአቡ ዳውድ ሱነን ተዘግቧል። ከሚስት ጋር ጎን ለጎን መሄድን እንደ ድክመት የሚያይ ወጣት ይህን ያስብ።

ሁለት ሦስት ነገሮች ደግሞ ለእህቶቻችን። ከሦስተኛው ወር በኋላ በጀርባ ተንጋሎ የሚሠራ እንቅስቃሴን ተዉ፤ ወሩ እየገፋ ሲሄድም በጎን መተኛት ይሻላል። የሽንት መያዣ ጡንቻዎችን ጠበቅ ላላ የማድረግ ልምምድ ተቀምጣችሁም ቆማችሁም ልትሠሩት የምትችሉት ነው፤ ከወሊድ በኋላ ሽንት እንዳያመልጥ ይረዳል። በሶላት ላይ መቆም ከከበዳችሁ ተቀምጣችሁ ስገዱ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በታመመ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ እንዳሉት ቡኻሪ ዘግቧል። አላህ የሰጠውን ሩኽሷ መቀበል የኢማን መድከም አይደለም።

ስትንቀሳቀሱ ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ራስ ካዞረ፣ ደረት ላይ ሕመም ከተሰማ ወይም ሆድ በተደጋጋሚ ከተኮማተረ ወዲያው አቁሙና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ቀድሞ ያለ ጊዜው የመውለድ ታሪክ ያላት እህት ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር።

ማዕዱ፣ ቡናው እና ጫቱ

ጤና ሚኒስቴራችን የሚያስተምረው ቀላል ነው፤ ነፍሰ ጡር ከወትሮው ምግቧ በተጨማሪ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ትመገብ፣ የምታጠባ ደግሞ ሁለት ጊዜ። «ብዙ ከበላች ልጁ ገዝፎ ምጥ ይከብዳታል» የሚለው ወሬ በብዙ ቦታ ይሰማል። ወተትና ሙዝ የመሳሰሉት ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋሉ የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት አይደሉም። የሚጎዳው እናቲቱ ተርባ፣ ደሟ አንሶ ወደ ምጥ መግባቷ ነው። ደም ያነሳት ሴት በወሊድ ጊዜ ትንሽ ደም ቢፈሳትም አደጋው ትልቅ ይሆናል።

ቆጮና ቡላ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን አይቅረብላት። ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሲገኝም ሥጋ አብሮ ይኑር። አካባቢያችን ደግሞ አልሐምዱሊላህ አቮካዶና ሙዝ አያጣም። ከውድ ሱቅ የሚገዛ ነገር አልጠየቅንም። የጠየቅነው ከገበያ ስትመለስ እጅህ ላይ ሁለት እንቁላል እንዲኖር ነው።

ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ትዋጥ። በቡና ወይም በሻይ ግን አትዋጠው። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሱታል፤ ስለዚህ በመሃል አንድ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። በይርጋ ጨፌ አገር ለሚኖር ሰው «ቡና ተዉ» ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ማንም ተዉ አላለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ነው። እሷ አንድ ስኒ ጠጥታ ቶናውንና በረካውን ለእንግዶች ብትተው በረካ አይጎድልባትም።

ጫት ግን የተለየ ነው። በእርግዝና ወቅት ጫት መቃምን ከክብደት በታች ከሆኑ ሕፃናት መወለድ ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች አሉ። የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ወንድሜ፣ የጫቱ ነገር አንተንም ይመለከታል። ለአንድ ከሰዓት የምታወጣውን ብር በሳምንት ስንት እንደሆነ አስላው፤ የእሷ እንቁላልና ወተት እዚያ ውስጥ አለ። እሷ ባለችበት ክፍል ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ጭሱን በማኅፀን ላለው ልጅህ እንደማጠጣት ነው።

ረመዷን ሲገጥም ለራሷ ወይም ለልጇ የፈራች ነፍሰ ጡርም ሆነች አጥቢ ማፍጠር ተፈቅዶላታል። አላህ ከነፍሰ ጡርና ከአጥቢ ጾምን ማቅለሉ በሱነን ኪታቦች በመጣ ሐዲሥ ተነግሯል። ቀዷ ብቻ ነው ወይስ ፊድያም አለበት በሚለው ዑለሞች ስለተለያዩ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። ነገር ግን አማት ወይም ጎረቤት «እኛ ጾመን ነው የወለድነው» እያለ ሴቲቱን እንዲያሳፍር ባል መፍቀድ የለበትም።

ሦስቱ መዘግየቶች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ በ2000 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 953 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2020 ወደ 267 ወርዷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን 267ም ቤት አላቸው፣ ባል አላቸው፣ ልጅ አላቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ከ100 ወሊዶች 48ቱ ብቻ በጤና ተቋም መሆናቸውን፣ አራትና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት እናቶችም ከ100 ውስጥ 43 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

እናቶች በብዛት የሚሞቱት በደም መፍሰስ፣ በእርግዝና ደም ግፊት፣ በኢንፌክሽን እና በተራዘመ ምጥ ነው። አብዛኛው በጊዜ ከተደረሰበት ሊድን የሚችል ነው። ባለሙያዎች ገዳዩን ነገር በሦስት መዘግየቶች ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር መዘግየት ነው።

ሦስተኛው በእጃችን ላይ አይደለም። ሁለተኛው በከፊል በእጃችን ነው። የመጀመሪያው ግን ሙሉ በሙሉ የኛ ነው። «ባልየው ይምጣና ይወሰን»፣ «እስኪነጋ እንጠብቅ»፣ «አማቷ ይጠየቁ» እየተባለ የሚባክነው ሰዓት የሚባክነው ጤና ጣቢያ ውስጥ አይደለም፤ በኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ለባለቤትህም ለእናትህም ግልጽ ቃል ስጣቸው። «እኔ ብኖርም ባልኖርም፣ ስልኬ ቢሠራም ባይሠራም፣ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከታየ ማንንም ሳትጠብቁ ሂዱ» በላቸው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ከማኅፀን የሚወጣ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውሃ መፍሰስ እና የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መጥፋት። ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከበሽታው በፊት ክትትል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሆዷ ገፍቶ እስኪታይ መጠበቅ የለባትም። እዚያ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፣ የቲታነስ ክትባት ትወስዳለች። ወባ ባለበት ቆላና ወይና ደጋ ደግሞ አጎበሩ ሥር ለመተኛት ቀዳሚዋ እሷ ናት፤ ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታልና። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። አንድ ቀን ሥራህን ትተህ አብረሃት ሂድ። ነርሷ የምትለውን በገዛ ጆሮህ ስማ።

«እናቶቻችን ቤት ወልደው የለም እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ይነሳል፤ መልስም ይገባዋል። አዎ፣ እናቶቻችን ቤት ወልደዋል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ግን ከእናቱ ጋር የተረፈው ልጅ ነው። ያልተረፉት አይጠይቁም። በየመንደሩ «እናቱ ስትወልደው ሞታ ነው» ተብሎ የሚተዋወቅ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው «ቀደር ነው፤ አላህ ያለው አይቀርም» የሚለው ነው። ቀደር እውነት ነው፤ የኢማናችን ማዕዘን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ግመሉን ሳያስር ልተወው ወይ ላለው ሰው እሰራትና ተመካ ማለታቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። በእርግዝናዋ ምክንያት የሞተች ሴት ሸሂድ መሆኗ በሐዲሥ መጥቷል። አልሐምዱሊላህ፤ ለሟች ታላቅ ክብር ለቤተሰብም መጽናኛ ነው። ነገር ግን እዚያው ሐዲሥ ላይ ውሃ የበላው እና ግንብ የተናደበትም ሸሂድ ተብለዋል። ታዲያ ያዘመመ ግድግዳ ሥር ልጁን የሚያስተኛ አባት አለ? ለሟቿ የተሰጠው ክብር ለኛ ቸልተኝነት ፈቃድ አይደለም።

ሦስተኛው «ወንድ ሐኪም ያያታል» የሚለው ነው። ይህ ከሐያእ የመጣ ስለሆነ እናከብረዋለን። ሴት ባለሙያ ካለች እሷ ትቅደም፤ በክትትሉ ጊዜ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሴት ካልተገኘች ግን ለሕክምና አስገዳጅ ሲሆን ወንድ ሐኪም በሚያስፈልገው ልክ ማየቱን ዑለሞች ፈቅደዋል። እናቷ ወይም እህቷ አብራት ትሁን። ከዚህም ጋር አንድ ነገር እንጨምር። ሴት ልጆቻችንን ከስምንተኛ ክፍል እያስቀረን ሴት ሐኪም ከየት እናመጣለን? አዋላጅ ነርስነት መማር ለምትፈልግ እህት በሩን የምንዘጋባት ከሆነ በወሊድ ክፍል ውስጥ ሴት ባለሙያ የማጣቱ ሐላፊነት የኛም ነው።

ገንዘቡ፣ ባጃጁ፣ ደሙ

በጌዴኦ የብር ወቅት የሚታወቀው በቡና ነው። ቡናው ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ ሲለቀም ገበሬውም ነጋዴውም ሱቁም እጁ ይረጥባል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እየደረቁ ይሄዳሉ፤ ክረምቱ ሲመጣ ኪስ ባዶ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ምጥ ግን የቡና ወቅት አይጠብቅም። የሐምሌ ወላድ ባል በኅዳር ማሰብ አለበት። ለዐቂቃ በግ ብሎ ከሚያስቀምጠው ቀድሞ ለምጡ ቀን የሚሆን ብር ለይቶ ያስቀምጥ። ዐቂቃው በሰባተኛው ቀን ካልተቻለ በኋላም ይደረጋል፤ ያልቻለም ምንም የለበትም። የትራንስፖርት ብር ግን በዚያች ሌሊት ከሌለ በኋላ ቢገኝ ዋጋ የለውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአካባቢያችሁ ካለም በጊዜ ተመዝገቡ።

በሰባተኛው ወር ባልና ሚስት ተቀምጠው እነዚህን ይመልሱ። የት ትወልዳለች? በሌሊት ማን ያደርሳታል፤ የባጃጁ ሾፌር ስልክ ቁጥር ተይዟል? እሱ ባይነሳ ሁለተኛው ማነው? ማን አብሯት ያድራል? ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ይይዛል? የደሟ ዓይነት ምንድን ነው፤ ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣታል? ንጹሕ ልብስ፣ ፎጣ፣ ሳሙናና ለሕፃኑ መጠቅለያ በአንድ ቦርሳ ተዘጋጅቷል?

ቤታቸው ከቡሌ ደጋ ወይም ከኮቸሬ ገጠር ውስጥ ርቆ ላለ ደግሞ ሌላ መፍትሔ አለ፤ ከቀኗ ቀደም ብላ የምትገባበት የእናቶች ማቆያ። በአገራችን ይህ አሠራር የቆየ ነው፤ በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ መኖሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። ዲላ ዘመድ ያለው ሰውም እህቱን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከተማ ቢያስቀምጣት ብልህነት ነው።

ልጁ ሲወለድ እንገሩ አይደፋ። እንገር የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ ነው፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቅቤ ማስዋጥ ይቅር። ተሕኒክ የሚያደርግ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በጣም ጥቂት የለዘበ ተምር ላንቃውን ብቻ ያስነካው። ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ለሌላ ይተወው።

መስጂዱስ?

ባል ብቻውን የማይችለው ነገር አለ። ለዚህም ለጀመዓችን አራት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ለሙሽሮች በሚሰጠው ምክር ውስጥ የእርግዝና ሐቅ አንድ ራሱን የቻለ ርዕስ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየመስጂዱ ባጃጅና መኪና ያላቸው ወጣቶች በሌሊት ምጥ ለማድረስ ስማቸውንና ስልካቸውን ያስመዝግቡ፤ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑትም ከነደማቸው ዓይነት። ሦስተኛ፣ ከመስጂዱ ገንዘብ የተለየች፣ ለዚህ ኒያ ብቻ የምትሰበሰብ ትንሽ የሰደቃ ሳጥን ትኑር። አራተኛ፣ በሴቶች ደርስ ላይ በወር አንድ ቀን አዋላጅ ነርስ ተጋብዛ ታስተምር። አንዳቸውም ብዙ ብር አይጠይቁም።

በጌዴኦ ዞን እኛ ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። አብዛኛው ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው። ምጥ ደግሞ ሃይማኖት አይለይም። ባጃጁ ለጎረቤትም ይነሳ፤ ደሙ ለማንኛዋም እናት ይሰጥ። አንዲትን ነፍስ ሕያው ማድረግ ሰዎችን ሁሉ ሕያው እንደማድረግ መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል። ከዚህ የበለጠ ዳዕዋ ከየት ይመጣል?

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ እንደነበሩ፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሶላት እንደሚወጡ መልሳለች፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። የሰው ልጆች አለቃ ቤታቸው ውስጥ ያገለግሉ ከነበረ፣ ጀሪካኑን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ የተሸከመ ወጣት ከወንድነቱ ምን ይቀንስበታል? ሱንናን ተከተለ እንጂ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ የዐቂቃውን ጥያቄ ይዘህ ስትመጣ በደስታ እንቀበልሃለን። ግን ቀደም ብለህ ና። በሰባተኛው ወር ና።

አላህ ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሰላም ይገላግላቸው፤ ልጆቻቸውን ሷሊሕ ያድርግላቸው፤ በወሊድ ያጣናቸውን እህቶች ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው። አሚን።

ጽሑፉን በቅርቡ ላገባና ሚስቱ ነፍሰ ጡር ለሆነች ወንድም ሼር አድርጉለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።